ውሃው አረንጓዴ ሲሆን



ብዙ ቤተሰብ በማዋለጃ ክፍል በር ላይ ቆሞ የሚሰማት፣ ግን ማብራሪያ የማይከተላት አንዲት ወሬ አለች። አዋላጅ ነርሷ ብቅ ትልና «ልጁ ሆድ ውስጥ ካካ ብሏል፤ ውሃው አረንጓዴ ነው» ብላ ትመለሳለች። በሩ ይዘጋል። ውጪ የቀሩት ይተያያሉ። አማት «በልቶት ይሆን?» ትላለች፤ እህት ለማርያም ትሳላለች፤ ባል ለኦፕሬሽን የሚፈርም መስሎት እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል። የዛሬው ንግግሬ ለእነዚህ ሦስት ሰዎች ነው። ከበሩ ውስጥ ላሉት ባልደረቦቼም የምለው አላጣሁም።

አቋሜን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ውሃው አረንጓዴ የሆነ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆኖ ይወለዳል። ታሞ የሚወለደውን የምናድነው ደግሞ ከተወለደ በኋላ አፉ ውስጥ በምንከተው ቱቦ አይደለም፤ ከመወለዱ በፊት በምንቆጥረው ሳምንት፣ በምጥ ጊዜ በምናዳምጠው የልብ ምትና በመጀመሪያዋ ደቂቃ በምንሰጠው አየር ነው። ሕክምናው ራሱ ይህን ለመቀበል አርባ ዓመት ያህል ወስዶበታል። ያንን ታሪክም አጫውታችኋለሁ።

ፅንስ ማህፀን ውስጥ ሳለ የተከበበበትን የእንሽርት ውሃ ይውጣል፤ መልሶም ይሸናዋል። ይህን ስሰማ ፊቴን አጨማደድኩ የምትል እናት አትፈር፤ ቆሻሻውን የሚያስወግድለት የእንግዴ ልጁ ስለሆነ የፅንስ ሽንት እንደኛ አይደለም። ከተዋጠው የሚቀረው ዝቃጭ፣ ከአንጀት ግድግዳ የረገፉ ሴሎች፣ ንፍጥ፣ ከገላው የተራገፈ ለስላሳ ፀጉርና ሐሞት አንጀቱ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ሐኪሞች ሜኮኒየም የሚሉት፣ በአራስ ቤት የመጀመሪያው ዳይፐር ላይ ተጣብቆ አልለቅ የሚለው ጥቁር አረንጓዴ ካካ ይኸው ነው። ቀለሙ የሐሞት ነው፤ እናትየዋ የበላችው ጎመን ወይም የጠጣችው ተልባ እጁ የለበትም። ሽታም የለውም። ስለዚህ የፈሰሰው ውሃ የሚሸት ከሆነ፣ አረንጓዴ ሆነም አልሆነ፣ የሚጠረጠረው ኢንፌክሽን ነው።

ይህ ካካ በወጉ የሚወጣው ልጁ ከተወለደ በኋላ፣ ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ነገር ግን ከ100 ወሊዶች በ10 ወይም በ15 ያህሉ ቀድሞ ማህፀን ውስጥ ይወጣል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ቀናቸው ደርሶ በወለዱ እናቶች ላይ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት ከመቶ ወደ 18 የሚጠጋ አግኝቷል። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የኛን ካላንደር ቆየት ብዬ እፈልገዋለሁና ያኔ እንዳይምታታ።) እንግዲህ ብርቅ ነገር አይደለም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው መካከል ስንቶቻችን በአረንጓዴ ውሃ ታጥበን እንደወጣን እናቶቻችንም አያውቁ ይሆናል።

ለምን ይወጣል? ሁለት ምክንያት አለው፤ ችግሩም ሁለቱ በዓይን ሲታዩ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ብስለት ነው። አንጀት እንደማንኛውም የሰውነት ክፍል ጊዜውን ጠብቆ ይበስላል፤ ከ34 ሳምንት በፊት ካካ ማለት ብርቅ ነው፤ ከ40 ሳምንት በኋላ እየበዛ ይሄዳል፤ 42 ሳምንት ላይ ከሦስት ልጆች አንዱ ያህል ካካ ብሎ ይገኛል። ይህ ልጅ ምንም ላይጎድለው ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት የኦክስጅን እጥረት ነው። የእንግዴ ልጁ ሲደክም፣ እትብት ሲጫን፣ ምጥ ሲራዘም ወይም የእናትየዋ ደም ግፊት ሲጨምር የፅንሱ አንጀት ይኮማተራል፤ የፊንጢጣው ጡንቻ ይላላል፤ ካካው ያመልጣል። በቀለም ብቻ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው መለየት አይቻልም። የሚለየው ጆሮ ነው፤ የልብ ምቱን የሚያዳምጥ ጆሮ።

ውፍረቱ ግን ይናገራል። ቀጭንና ቢጫ ወደ መሆን ያደላ ውሃ ካካው ቆየት ያለና በብዙ ውሃ የተበረዘ መሆኑን ያሳያል። ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴና ቁርጥራጭ ያለበት ከሆነ ወይ ቅርብ ጊዜ የወጣ ነው፣ ወይም የሚበርዘው ውሃ አንሷል። የውሃው ማነስ በራሱ ብዙ ጊዜ የእንግዴ ልጁ የመድከም ምልክት ስለሆነ ወፍራሙን ስናይ እንጠነቀቃለን። አንድ ነገር በዚህ መካከል ጣል ላድርግ፤ በመቀመጫው የሚመጣ ልጅ ሊወለድ ሲል ሆዱ ስለሚጨመቅ ትኩስ ካካ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። በሌላ ወገን፣ ቀኑ ገና ሆኖ፣ ለምሳሌ በ32 ሳምንት፣ አረንጓዴ ውሃ ከታየ ብስለት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት።

አሁን ወደ አማትየዋ ጥያቄ ልመለስ። «በልቶት ይሆን?» መልሱ፦ ቢበላውም ግድ የለም። ወደ ሆድ የገባው ካካ ከአንጀት ወጥቶ ወደ አንጀት የተመለሰ ነው። ጉዳት የሚያመጣው ወደ ሳንባ የገባው ነው። ጤነኛ ፅንስ ማህፀን ውስጥ የመተንፈስ ልምምድ ያደርጋል፤ ትንፋሹ ግን ጥልቀት የለውም፤ ሳንባው ራሱ የሚሠራው ፈሳሽም ወደ ውጪ ስለሚገፋ ካካው በቀላሉ ወደ ታች አይወርድም። ኦክስጅን ክፉኛ ሲያጥረው ግን በጥልቀት መሳብ ይጀምራል። አንድ ጥልቅ ትንፋሽ ካካውን እስከ ሳንባ ጥግ ይወስደዋል። ልብ በሉ፤ ካካውን ያስወጣውም ወደ ሳንባ ያስገባውም ያው አንዱ የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ሁለቱም ልጁ ሳይወለድ ያለቁ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሳንባ የገባ ካካ ብዙ ጥፋት አለው። ቀጫጭኖቹን የአየር ቧንቧዎች ሙሉ በሙሉ ከደፈነ ከዚያ በታች ያለው የሳንባ ክፍል ይኮማተራል። በከፊል ከደፈነ ደግሞ ይብሳል፤ እንደ ብስክሌት ጎማ ቫልቭ አየር ያስገባል እንጂ አያስወጣም፤ ሳንባው ተወጥሮ ሊፈነዳና አየሩ ደረት ውስጥ ሊያመልጥ ይችላል። ሐሞቱ ሳንባን ያቆጣል። ሳንባ እንዳይጣበቅ የሚያደርገውን ሰርፋክታንት የተባለ ፈሳሽ ያመክነዋል። ከሁሉ የሚያስፈራን ግን የሳንባ ደም ሥሮች መጥበብ ነው። ማንኛውም ሰው ሲወለድ እነዚህ ደም ሥሮች ተከፍተው ደሙ ወደ ሳንባ መጉረፍ አለበት። ካልተከፈቱ ደሙ በማህፀን ሳለ በለመደው አቋራጭ ያልፋል፤ ኦክስጅን ብንሰጠውም ልጁ እንደጠቆረ ይቆያል። በዚህ ሕመም የሞቱ ሕፃናት ሳንባ ሲመረመር የደም ሥሮቹ ግድግዳ ወፍሮ የተገኘባቸው ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ውፍረት በሰዓታት አይመጣም፤ ማህፀን ውስጥ ቀናት የፈጀ ችግር ነው።

ስንቶቹ ናቸው ለዚህ የሚዳረጉት? አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት። ዘጠና አምስቱ ይህ ሕመም ሳያገኛቸው ይወጣሉ፤ ዘመድም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ወደ ገንፎው ይሄዳል።

አሁን ቃል የገባሁላችሁን ታሪክ ላምጣ። በ1974 ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ከሳን ፍራንሲስኮ ባወጡት ጥናት፣ እንደተወለደ ቱቦ ተከቶ የአየር ቧንቧው ካካ የተመጠጠለት ሕፃን ይሻለዋል አሉ። በ1976 ደግሞ ሌሎች ሐኪሞች ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ሳይወጣ አፍና አፍንጫውን መምጠጥ ይጠቅማል ብለው ጻፉ። ሁለቱም ጥናቶች ሕፃናቱን በዕጣ ከፍለው አላወዳደሩም። ሐሳቡ ግን ማንንም ያሳምናል፦ ካካ አለ፤ ሳንባ እንዳይገባ አውጣው። በመላው ዓለም ሕግ ሆነ። አረንጓዴ ውሃ ውስጥ የተወለደ አራስ ሁሉ፣ እያለቀሰ የተወለደው ሳይቀር፣ ቱቦ ይገባበት ጀመር።

ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ አንዳንዶች መጠየቅ ጀመሩ። በ2000 የነዊስዌል ጥናት 2,094 ብርቱ ሕፃናትን በዕጣ ከፈለ፤ ግማሾቹ ተመጠጡ፣ ግማሾቹ ዝም ተባሉ። የታመሙት በሁለቱም ወገን ከመቶ 3 ገደማ ሆኑ። በ2004 በአብዛኛው በአርጀንቲና ሆስፒታሎች የተሠራው የነቫይን ጥናት ጭንቅላት ሲወጣ መምጠጥን ፈተነ፤ 2,514 ሕፃናት፤ በሁለቱም ወገን ከመቶ 4። በ2005 ማህፀን ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ እየጨመሩ ካካውን ማቅጠን ተፈተነ፤ ወደ 2,000 በሚጠጉ እናቶች ላይ ጥቅም አልታየም። የቀረው ተዝለፍልፎ የተወለደው ሕፃን ነበር። በደቡብ ሕንድ ፑዱቼሪ 122 እንዲህ ያሉ ሕፃናት በዕጣ ተከፈሉ፤ በ2015 ውጤቱ ሲወጣ ከተመጠጡት 33 በመቶ፣ ካልተመጠጡት 31 በመቶ ታመዋል። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የነፍስ አድን መመሪያ እነሱንም ቢሆን ወትሮ እንደሚደረገው ቱቦ ከትቶ መምጠጥን መምከሩን ተወ።

ለግሪጎሪ ክብር ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። ይኸው ሰው በ1971 ለአራስ ሳንባ የማያቋርጥ የአየር ግፊት የሚሰጥበትን ዘዴ፣ ዛሬ ሲፓፕ የምንለውን፣ ለሕክምናው ያስተዋወቀ ነው። መምጠጡ ቀርቷል፤ ሲፓፑ ግን ዛሬም ሙቀት ክፍል ውስጥ በውሃ ጠርሙስ እየተንቦጨቦጨ ሕይወት ያተርፋል፤ ይህን ሕመም የታመሙትንም ጭምር።

መምጠጡ ለምን ሳይጠቅም ቀረ? መልሱን ቀደም ብዬ ነግሬያችኋለሁ። ጥፋቱ የደረሰው ልጁ ሳይወለድ ነው። የማይተነፍስ ሕፃን አጠገብ ቆሞ ላሪንጎስኮፕ የሚባለውን የጉሮሮ ማያ መፈለግ፣ ቱቦ ማስገባት፣ መምጠጥ፣ እንደገና ማስገባት እያንዳንዱ አየር የሌለበት ሴኮንድ ነው። የሕፃኑ ልብ በዚያ ጊዜ ቀስ እያለ ይደክማል። ዛሬም በአንዳንድ ማዋለጃ ክፍሎች አረንጓዴ ውሃ ሲታይ መጀመሪያ የሚነሳው መምጠጫው ነው። መጀመሪያ መነሳት ያለበት በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ከረጢት፣ አምቡ ባጉ ነው። ደረቅ ፎጣ፣ ማድረቅ፣ ጀርባን ማሸት፤ ካልተነፈሰ አፉን የደፈነ ነገር ካለ ብቻ ጠርጎ፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በጭምብል አየር መስጠት፣ በደቂቃ 40 ያህል ጊዜ። በእግሩ ዘቅዝቆ መምታት የፊልም ነው፤ እባካችሁ እዚያው ፊልሙ ላይ ይቅር።

ታዲያ ሕመሙን የቀነሰ ነገር የለም? አለ፤ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝም እሱ ነው። በአሜሪካ በ1990ዎቹ የነዮደር ጥናት እንዳሳየው አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ከተወለዱት መካከል በዚህ ሕመም የሚያዙት ከ5.8 በመቶ ወደ 1.5 በመቶ ወርደዋል። አብሮ የተለወጠው ነገር ከ41 ሳምንት በኋላ የሚወለዱት ቁጥር በሲሶ መቀነሱ ነበር። እናቶቹ ቀናቸው ሳያልፍ እንዲወልዱ ተደረገ። የዓለም የጤና ድርጅትም የሳምንት ቆጠራዋ እርግጠኛ የሆነ እናት 41 ሳምንት ስትሞላ ምጥ እንዲመጣላት ማድረግን ይመክራል።

«የሳምንት ቆጠራዋ እርግጠኛ የሆነ» የምትለው ሐረግ ግን በኛ አገር ከባድ ነው። ስንቷ እናት ናት የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን የምታስታውስ? «ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ከዐቢይ ጾም በፊት» የምትል እናት መጥታ 39 ሳምንት ይሁን 42 ለማወቅ በእጅ ሆድ መለካት ብቻ አያዋጣም። ለዚህ ነው ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንድትነሱ የምንወተውተው። ወንድ ይሁን ሴት ለማየት የሚመስላቸው አሉ፤ ለኛ ዋናው ቁምነገር ሳምንቱን ማወቅ ነው፤ በኋለኛው ወራት የሚነሳው አልትራሳውንድ ሳምንቱን በቅጡ አይናገርም።

ቀኑን ማስታወስ ለምትችሉ ደግሞ የኛ ካላንደር ሠላሳ ቀን ባለው ወር ሥራውን ያቀልላችኋል። የመጨረሻው የወር አበባ በጀመረበት ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ጨምሩ። በመካከል ጳጉሜን ከገባች ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ከአራት ቀን። መስከረም 1 ቀን ያየች ሴት 40 ሳምንቷ የሚሞላው ሰኔ 11 ቀን ነው፤ 41 ሳምንቷ ሰኔ 18። ጥር 1 ቀን ያየች ጥቅምት 6። ይህን ቀን ባልየው ስልኩ ላይ ይያዘው፤ እስክሪብቶ ከመፈለግ ይቀላል። ሰኔ 18 ደርሶ ምጥ ካልመጣ «የበኩር ልጅ ይዘገያል» እያሉ ቤት መቀመጥ የለም፤ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ተቋም መድረስ ብቻውን ግን መፍትሔ አይደለም። በ2016 የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱትን 26 በመቶ አድርጎ ነበር፤ በ2019 ይኸው ቁጥር 48 በመቶ ደርሷል። ታላቅ እመርታ ነው። በአንድ ወር ዕድሜ ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ግን በ2016 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱት 29፣ በ2019 ደግሞ 33 ነበሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በናሙና ስሕተት ውስጥ የሚወድቅ ነው፤ ስለዚህ ጨመረ አልልም። አልቀነሰም ነው የምለው። እናቶች ወደኛ መጥተዋል፤ ከመጡ በኋላ የተደረገላቸው ነገር በመምጣታቸው ልክ አልሆነም።

ምን ይደረግ? በምጥ ጊዜ የፅንሱን ልብ ማዳመጥ። ለዚህ ውድ ማሽን የግድ አይደለም፤ የእንጨቱ የፒናርድ ጥሩንባ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። ጠንከር ባለው ምጥ ወቅት በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው፣ ስትገፋ በየ5 ደቂቃው፤ ጤነኛው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ልቡ በዚህ መካከል ከመታ ምጡ ይቀጥል፤ ኦፕሬሽን የግድ አይደለም። ልቡ ከዘገየና ካልተመለሰ ግን ጊዜ የለም። ይህ ሁሉ በምጥ ጊዜ የሚመዘገብበት ወረቀት፣ ፓርቶግራፉ፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሲሞላ ያየሁ ሰው ነኝና ባልደረቦቼ ትረዱኛላችሁ።

አስታማሚዎችም ድርሻ አላችሁ። «ምጧን አፋጥኑላት፣ መርፌ ስጧት» እያላችሁ አታስጨንቁ። ማህፀን ሲኮማተር ለልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ሲላላ ይመለሳል። በዐሥር ደቂቃ ከአምስት ጊዜ በላይ እንዲኮማተር ከተደረገ ልጁ የሚያርፍበት ጊዜ ያጣል። የምጥ መርፌ መልካም መድኃኒት ነው፤ ልኩን የሚጠብቅ ሰው አጠገቡ ከሌለ ግን ጤነኛውን ልጅ ካካ ያስብለዋል።

ሩቅ ላሉት ደግሞ መምጫው ምጥ ሳይጀምር ነው። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ለዚህ የሚጠቀስ ነው፤ እናቶች ቀናቸው ሲደርስ መጥተው የሚቆዩበት ቤት ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለው። ከ1987 እስከ 2008 ያለው መዝገቡ ሲመረመር፣ ከማቆያው ተነስተው ከወለዱት መካከል ሞቶ የተወለደው ከ1,000 ውስጥ 17.6 ሲሆን፣ በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት 191.2 ነበር። ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ነው ማለት አይቻልም፤ በቀጥታ የሚመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ናቸውና። ግን ነጥቡም እሱ ነው፤ ቃሬዛው መንገድ ላይ ሳለ ያ ልጅ ምን ያህል እየታፈነ እንደሆነ የሚያዳምጥ የለም። ቤት ውስጥ ውሃ ፈስሶ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ምጥ ባይኖርም፣ ነጭ ጨርቅ ወይም ሞዴስ አድርጋችሁ ቀለሙን እያያችሁ ወዲያው ተነሱ። ሰዓቱንም ያዙ፤ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ እሱን ነው።

ልጁ እያለቀሰ ከተወለደ ደረቱን ከእናቱ ደረት ጋር አገናኝቶ ማሞቅና በመጀመሪያው ሰዓት ማጥባት ነው። ጥፍሩ ወይም እትብቱ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ቢታይ ቶሎ ልጠበው የምትል አክስት አትጠፋም። አይታጠብ፤ ጠርጉትና አድርቁት፤ ገላው ለ24 ሰዓት ይቆይ፤ ብርድ ለደከመ ሳንባ ጠላቱ ነው። ወፍራም ካካ ከነበረ በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት አተነፋፈሱ እየተቆጠረ መቆየት አለበትና ወደ ቤት ለመሄድ አትቸኩሉ። በደቂቃ ከ60 በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ካቃሰተ፣ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መጥባት ካቆመ ነርሷን ከእንቅልፏም ቢሆን ቀስቅሷት። ደህና ከሆነ ደግሞ ውሃው አረንጓዴ ስለነበረ ብቻ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ «ለጥንቃቄ» እያላችሁ አትጠይቁልን፣ እኛም እሺ አንበላችሁ።

ከንግግር በኋላ ብዙ እናቶች ለብቻዬ ጠርተው «ቀጣዩም ልጄ እንዲህ ይሆናል?» ይሉኛል። ምክንያቱ ቀን ማለፍ ከነበረ ቀጣዩን መቁጠር ነው፤ ደም ግፊት ከነበረ ቀድሞ መከታተል ነው፤ በእርግዝናው መጨረሻ መዳፍና እግር የሚያሳክክ ከነበረም ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል፤ የጉበት ችግር ሊሆን ይችላልና። ከነዚህ አንዱም ካልነበረ፣ ልጁም ደህና ከሆነ፣ ቀጣዩን እንደማንኛዋም እናት ጠብቂው ነው የምላት። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጃችሁን ልታወጡ ትችላላችሁ፤ ወንዶቹም ጭምር።